የአበልጇ ካርድ

መዝጋቢዋ ካርዱን ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረችውና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አሁንም እምቢ ብሏል።

ጤናዬ ወደ ኮሌጁ መዝገብ ቤት መስኮት ይበልጥ ተጠጋች። ለነርስነት ትምህርቱ የሚፈለገው ቅድመ ክፍያ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር ነው፤ እሷ ደግሞ ካርዱ ላይ ያላትን ሁሉ፣ ድፍን ሁለት ሺህ ሞልታበታለች። ቢሮው ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ዛሬ ካልከፈለች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም አውሮራ ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌ ስታገላብጥ ሌላ ዓመት ትከርማለች።

ኮሪደር ወጥታ ካርዱን ወዳስያዟት ወደ አበልጇ፣ ወደ አቶ ሀብተሚካኤል ደወለች።

"አበልጄ፣ ብሬ ተቆራርጦ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባት ሆኗል! እሱስ ቢሆን ይበቃ የለም እንዴ?"

"አይበቃም። ስትሞዪው ወደ ክሪፕቶ፣ ወደ ኢንተርኔቱ ገንዘብ፣ ሲቀየር ሦስት በመቶ ቆርጧል፤ የካርዱና የወሩ ክፍያም አለ። አሁን ስትከፍዪ ደግሞ ወደ ዶላር ሲመለስ አንድ በመቶ ይፈልጋል። አሥራ ሁለት ዶላር ጎድሎሻል።"

"ዛሬ ሦስት ዶላር የወሰደውስ?"

"ዲክላይን ባደረገ፣ እምቢ ባለ ቁጥር አንድ አንድ ዶላር ይበላል። ምን አስደጋገመሽ?"

"ይሄን ሁሉ ያኔ አልነገሩኝም።"

"አልጠየቅሽማ!" ሳቁ።

እውነት ነው፣ አልጠየቀችም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁመው ሲመዘግቧት "ክፍያ አለው?" ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጇን ክርስትና ያነሱ ሰው እንዴት እንዲህ ይጠየቃሉ? እሳቸውም ገብቷቸው "እኔ የማላውቀውን ላንቺ እሰጣለሁ?" አሏት። በማሰቧ አፍራ ፈረመች።

"እንግዲያው አሥራ ሁለት ዶላር ያበድሩኝ።"

"ለምን ትበደሪያለሽ? የካርዱን መመዝገቢያ ሊንክ ለአንድ ሰው ላኪ። ሰውየው አምስት መቶ እንደሞላ ሃምሳ ዶላር ወዲያው ይገባልሻል። እኔስ አንቺን ሳስገባ በልቼ የለ?"

ለካ እሷም ሃምሳ ዶላር ነበረች። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው።

ቶርንተን ከተማ ወደምትኖረው፣ መጦሪያው ውስጥ አብራት በሽተኛ ወደምታነሳው ወደ ሶሲ ደወለች፤ ሶሲም ወዲያው አነሳች።

"ምነው ድምፅሽ? ብር ጎደለሽ እንዴ? ልላክልሽ?"

አሥራ ሁለት ዶላር ብትበደር ዛሬን ታልፋለች፤ የተቆረጠባት ግን ተቆርጦ ይቀራል። ይሄ አንገበገባት።

"ኧረ ምንም አልጎደለኝ። አንድ ጥሩ ካርድ አለ፣ አንቺን አሰብኩ። አምስት መቶ አሁኑኑ ሙዪበት።"

"የቤት ኪራዬን ነው የያዝኩት እኮ። ክፍያ አለው?"

ጤናዬ ሰዓቷን አየች።

"እኔ የማላውቀውን ላንቺ እሰጣለሁ?"

ሶሲ ደነገጠች። "ውይ፣ ይቅርታ እህቴ! እንዲያ ማለቴ አይደለም። በቃ ላኪልኝ።"

ላከችላት። ወደ መስኮቱ ተመልሳም መዝጋቢዋን "አሥር ደቂቃ ስጪኝ" አለቻት፤ "እስከዚያ ካርዱን እንዳትሞክሪው።"