በረኪና የነካው ጊታር

«እንዴት ያለ ቆሻሻ ነው በፈጣሪ!» እያለች እናት ጊታሩን ሳፋው አፍ ላይ አጋድማ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትፈትገዋለች። ክሮቹን አልፈታቻቸውም። ብሩሹን በክሮቹ ሥር እያሾለከች፣ አንገቱ ላይ የልጇ ጣቶች የሚያርፉበትን ጥቁር እንጨት ነው የያዘችው። አንገቱ ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች መሀል የላብና የአቧራ እድፍ ተጋግሯል። በሳሙና አልለቅ ሲላት በረኪና ጠብ አደረገችበት። ያን ጊዜ ለቀቀ።

ጽዳት ሥራዋ ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወለልና ደረጃ፣ አልጋና መጸዳጃ ቤት ታጸዳለች። ባልደረቦቿ «በረኪናዋ» ይሏታል፤ አትቀየምም። እሷ ወልውላ በጨረሰችው ክፍል ሐኪም ሳይቀር ጫማውን ጠርጎ ነው የሚገባው።

ይህን ጊታር ግን ዓመት ሙሉ ስታሳድደው ነው የኖረችው። «ይሄ ሳጥን ሆድ አይሞላም» ሳትል የዋለችበት ቀን የለም። ባለፈው ወር ልጅቷ ከትምህርት ቀርታ ስትለማመድ ብታገኛት፣ «አንድ ቀን ከቆሻሻ ጋር ነው የምጥለው!» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከእናቷ ጋር የምታወራው ለግድ ብቻ ሆነ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ የሙዚቃ ባንድ ፊት ቀርባ ትፈተናለች፤ ከተቀበሏት አብራቸው ትሠራለች። ጠዋት አዲስ ክር ልትገዛ ስትወጣ እናት ጊታሩን ገልጣ አየችው። ልጄ ይህን ይዛ ሰው ፊት ልትቆም? እርቁም በዚያው ታያት። ለእሷ ደግሞ በአፏ ይቅርታ ከምትል በእጇ ብትሠራ ይቀላታል።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ የክሩን ፓኬት እንደያዘች ደፉ ላይ ቀረች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«መጣሽ? ነይ እዪው! ሰው አስመሰልኩልሽ።»

ልጅቷ ጊታሩን ነጥቃ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ጥቁሩ እንጨት አመድ መስሏል። መሀሉ ላይ ደግሞ በረኪናው የጣት ስፋት ያለው ነጭ መስመር ትቶበታል። ስትዳብሰው ሻከራት።

«በረኪና?»

«ጠብታ ናት። ሌላው ሳሙና ነው።»

«አውቀሽ ነው።» አልጮኸችም፤ እናቲቱን ያስደነገጣት አለመጮኋ ነው። «እጥለዋለሁ ብለሽኝ የለ? መጣሉ ቢያቅትሽ አጠብሽው።»

«እኔ? ወገቤ እስኪቆረጥ እያሸሁልሽ? የሚጣል ነገር ሳጥብ መቼ አይተሽኛል?»

ልጅቷ ጊታሩን ወደ እናቷ አዙራ አሳየቻት። ድምፅዋ አልለዘበም። «እንጨት እኮ ነው፣ እማ። ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ወለል አይደለም።»

እናቲቱ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አላወቅሁም» አለች። ስለ ጽዳት እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ከአፏ ሲወጣ አፈረች። «አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ለክፋት ግን አይደለም።»

ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ አሮጌዎቹን ክሮች መፍታት ጀመረች። «ጨርቅ አምጪ። ደረቅ!»

እናት ሮጣ የንጹሕ አንሶላ ቅዳጅ አመጣች። እንጨቱን ደጋግመው አደረቁትና አየር እንዲነካው መስኮቱ ሥር አቆሙት። ከዚያ ልጅቷ ከቦርሳዋ ትንሽ የእንጨት ዘይት አወጣች።

«ጨርቁ ላይ ጠብ አድርጊ እንጂ እንጨቱ ላይ እንዳታፈሺው። ቀስ! የክሊኒክ ደረጃ አይደለም።»

«እሺ፣ የኔ አለቃ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። እንጨቱ ግን ዘይቱን እየጠጣ መጥቆር ጀመረ፣ ሻካራነቱም ለዘብ አለ። የተረፈውን ዘይት ጠርገው አነሡ። ነጩ መስመር ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። ልጅቷ አዲሶቹን ክሮች አስራ ቃኘችና አንዷን መታች። «እዚህ ጋ ክሩ እንጨቱን እየነካ ይነዝራል» አለች። ሰዓቱ ግን ደርሷል። ጊታሩን አዘለችና እናቷን ሳትስም ወጣች።

እናቲቱ መቀመጥም መቆምም አልሆነላትም። ልጄ እናቴ ጠላቴ ናት ብላ ሄደች አለች በልቧ፤ የቀረው ሁሉ ለእሷ ትርፍ ነገር ነበር። ሳፋውን እንኳ ሳትደፋው ዋለች።

ልጅቷ የተመለሰችው አመሻሽ ላይ ነው።

«ምን አሉሽ?»

«እንደውልልሻለን አሉኝ።»

«በኔ የተነሳ ነው?»

«እኔ እንጃ።» ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። «ከበሮ መቺው ነጩን አይቶ ምን ነክቶት ነው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እናቴ ላሳምርልሽ ብላ በበረኪና አጠበችልኝ አልኩት።»

«እንደዚያ አልሽው? ላሳምርልሽ ብላ?»

«ታዲያ ምን ልበለው? ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ።»

ይህን ብላ ጊታሩን ወንበር ላይ አጋድማ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። እናቲቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጠጋ ብላ ስታየው አዲሶቹ ክሮች በላብ ተለውሰዋል፤ በየብረቱም መሀል የጣት አሻራ ተትቷል። እጇን በላት። ጨርቅ አነሣችና ክሮቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሄዳ የመታጠቢያውን በር አንኳኳች።

«ልጥረግልሽ?»

በዚያ ቤት አንድ ነገር ከማጽዳቷ በፊት ሰው ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«በምን?»

«በደረቅ ጨርቅ።»

የውኃው ድምፅ ቆመ።

«ክሮቹን ብቻ» አለች ልጅቷ።