ጥሩ ጥሩው ለመድኃኒቱ

ተመራማሪዋ ሦስት ዓመት የለፋችበትን ጽሑፍ ለመላክ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀርታታለች። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ። ከተላከ ገንዘብ ይለቀቅና ቤተ ሙከራው ይቀጥላል፤ ካልተላከ፣ አለቃዋ እንዳለው፣ «ቁልፋችንን አስረክበን ወደየቤታችን።»

ደክሟታል። ባሕር ማዶ ስትማር ድካም ከሥራው ጋር አብሮ የሚያልቅ ይመስላት ነበር። ከተመለሰች ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ቀድሟት የሚነሳው እሱ ሆኗል።

ሥራዋ ጉልበት ነው። ሆስፒታሉ ያለቀ ጉልበት በብረት ሲተካ፣ ተቆርጦ የወጣው አጥንት በየማክሰኞው በቀዝቃዛ ሣጥን ይመጣላታል። ከጫፉ ላይ ልም አጥንቱ ይላጣል፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚያለብሰው ያ ነጭ ልስልስ። ከአንድ ጉልበት እንኳ ደህና የቆየው ቦታ እንደ ተወለወለ ሳህን ያበራል፣ የተበላው ደግሞ እንደ አሮጌ ፎጣ ይተለተላል። ከቅንጣቢዎቹ ግማሹ መበላቱን ያስቆማል ብላ ከባሕር ማዶ ባመጣችው መድኃኒት ውስጥ፣ ግማሹ ባዶ ፈሳሽ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይና የትኛው እንደባሰበት ይለካል። በአርባ አንድ ሰው ጉልበት ተሞከረ፤ በአርባ አንዱም መድኃኒቱ አሸነፈ።

የሚልጡትና የሚያከፋፍሉት አንጋፋው ረዳቷ ጋሼ ናቸው። እዚህ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፤ ደረጃ የሚወጡት በጎን ነው፣ የራሳቸው ጉልበት እምቢ ብሏቸው።

«ጋሼ፣ ቅንጣቢዎቹን በዕጣ ነው አይደል የሚያከፋፍሉት? እንደዚያ ብዬ ልጻፍ?»

ጋሼ ቢላቸውን እያጠቡ ነበር። «የምን ዕጣ ነው እቱ? በዓይኔ ነዋ! ጥሩ ጥሩውን ለመድኃኒቱ፣ የተበላሸውን ለባዶው።»

ከጽሑፏ ቀና አለች። «ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ! መድኃኒቱ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደል? እንግዳ የተሰበረ ወንበር ላይ ይቀመጣል? ደግሞ እንዲሳካልሽ ብዬ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም» አሉ ኮራ ብለው።

በተማረችበት አገር ዕጣ ማውጣት እንደ እጅ መታጠብ ነው፤ ማንም ለማንም አይነግርም። እሷም አልነገረቻቸውም። እንግዲያው መድኃኒቱ ያሸነፈው ውድድሩ ሳይጀመር ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ልትል ነበር፤ ኮርቻውን ሳትፈትሽ የጋለበችው ግን ራሷ ናት።

ጋሼ ፊቷን አይተው ቢላውን አስቀመጡ። «አጠፋሁ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። መንገር ነበረብኝ።»

«ታዲያ ማን ያውቃል? እኔና አንቺ ነን። በዕጣ ብለሽ ጻፊና ገላግይን፤ ከነገ ጀምሮ በዕጣ ይሁን።»

ጻፈችው። አንድ መስመር እንኳ አልሞላም። ጣቷን መላኪያው ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ጋሼ ጠረጴዛውን ተደግፈው ሲነሱ ጉልበታቸው ቋ አለ። «ቶሎ ላኪው ባክሽ። ሐኪሙ በብረት ይቀየር ሲለኝ፣ የልጃችን መድኃኒት ይድረስልኝ ብዬ ሁለቴ ቀጠሮ አሰርዣለሁ።»

«ሁለቴ?»

«አርባ አንድ ካርባ አንድ ስትይኝ ጊዜ!»

ጣቷን አነሳች። የጻፈችውን መስመር አጠፋች።

«ጋሼ፣ ቀጠሮዎን ያስመልሱ።»

«አይሠራም ማለት ነው?»

«አላውቅም። ሦስት ዓመት ሠርቼ አላውቅም።»

«አላውቅም ለማለት ነው ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርሽው? እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ እልልሽ ነበር።»

ሳቀች፤ ሳቁም ደክሞታል። ከዚያ ለአለቃዋ ደውላ ጽሑፉ እንደማይላክ፣ ሙከራው በዕጣ እንደገና እንደሚጀመር ነገረችው። አለቃዋም «ገንዘባችን ለሁለት ወር ነው። በሁለት ወር የምታደርጊውን አድርጊ» ብሎ ዘጋባት።

ማክሰኞ ሣጥኑ መጣ። ጋሼ ከኩባያ ውስጥ የታጠፈ የዕጣ ወረቀት አወጡ። አንዲት የምታበራ ቅንጣቢ ለባዶው ደረሰችው።

«ይቺንም?»

«ይቺንም ጋሼ።»

ቅንጣቢዋን በወረንጦ ይዘው ትንሽ አመነቱና ለቀቋት። «እንግዳው ዛሬ ቆሞ ይዋል እንግዲህ።» ቀጥለው ሌላ ዕጣ አወጡ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሣጥን ውስጥ የምመጣው እኔ ነኝ። ቀጠሮው ተገኝቷል።»

«ማን ይልጥዎታል?»

«አንቺ ነሻ። ቢላውን ስዬልሽ እሄዳለሁ።» ወረቀቱን ገልጠው አነበቡ። «የኔንም በዕጣ፤ እንዳታዳይልኝ።»