ድጓ በግድግዳ ላይ

የአንሶላውን የመጨረሻ ጫፍ ግድግዳው ላይ በትንሽ ሚስማር እየቸነከርሁ ነበር። አባባ ከወንበራቸው ሆነው፣ ተጣመመ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አልተጣመመም ነበር።

አባቴ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደቃቅ ጽሑፍ አያዩም። ዲያቆን ቃለ ሕይወት የገለበጠው፣ ገና ያልተጠረዘ አዲስ ድጓ ደግሞ ጣና ሐይቅ ውስጥ ወዳለችው ደብራቸው ከመግባቱ በፊት በእሳቸው መታረም አለበት። ከቃሉ በላይ ከሚጣሉት የዜማ ምልክቶች አንዷ ከተሳሳተች፣ ከዚያ መጽሐፍ የሚማር ሁሉ ስሕተቱን ይዞ ያድጋል። ገጹን በስልክ አንስተን በፕሮጀክተር እናስፋው ያልሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ደሞዝ ሐሳቡን ወዲያው ወደደው፤ ኳስ ታይቶታል።

ያለን ሳሎን አንድ ነው። አባባ ይጸልዩበታል፣ እንግዳ ይቀመጥበታል፣ እኔ የተማሪዎቼን ፈተና አርምበታለሁ። መስኮቶቹ ወደ ጣና ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ የውኃው ነጸብራቅ ኮርኒሱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ደሞዝ ለሙከራ ብሎ ከሱቅ ያመጣት ፕሮጀክተር በመዳፍ የምትያዝ ናት። ማታ ግሩም ናት አለ። አባባ የሚያርሙት ግን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ገጽ የትኛው እንደሆነ ነግሬያቸው አንሶላው ላይ አወጣሁት። አባባ ትንሽ ዘንበል አሉና ከላይ እስከ ታች አንድም ሳይስቱ አነበቡት። ደሞዝ አጨበጨበ።

«አለቀ በቃ። ስክሪንም አያስፈልገንም» አለ።

ቀጣዩን ለማውጣት ስልኬን ሳይ ደነገጥሁ። ግድግዳው ላይ የነበረው ሌላ ገጽ ነው፤ በስሕተት ያወጣሁት። አባባ በቃላቸው የተወጡት የነገርኋቸውን ገጽ ነው።

ድጓ በቃሉ የያዘን ሰው ዓይን በድጓ እፈትናለሁ ብዬ መነሣቴ አናደደኝ። ስልኬ ውስጥ የነበረውን የእድር ስብሰባ ጥሪ አወጣሁና ይህንንስ አልኋቸው። ከወንበራቸው ወደ አንሶላው ተጠጉ።

«ይህ የማን ቃል ነው?»

«የእድሩ ነው አባባ።»

«እንግዲያ አይታየኝም» አሉ። ቆይተው ደግሞ ቀስ ብለው፣ «የቅድሙ ግን የታየኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

በነጋታው ከደሞዝ ጋር ሱቅ ሄድን። አዘዘ የሚባለው ሻጭ የሚያበራው ሁሉ ኳስ ነው። መብራቱን አጥፍቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ሳሩን እዪው ይለኛል።

«እኔ ሳር አላርምም» አልሁት።

መጋረጃውን አስከፈትሁና የድጓውን ገጽ በየፕሮጀክተሩ በየተራ አስወጣሁ። ደሞዝ የወደዳቸው ሁለቱ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፉት የቅዱሳን ስሞች ገርጥተው ጠፉ። ቀዩ በቀን ብርሃን የታየው ለአዳራሽ የሚሆነው ትልቁ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያጓራል። ደሞዝ ሳሎናችን ወፍጮ ቤት ሊሆን ነው እያለ አኮረፈ። በስክሪኑም ተጨቃጨቅን። እሱ የመረጠው የሚያብረቀርቀውን ነበር፤ ከፊቱ ሲቆሙ ያምራል፤ አባባ በሚቀመጡበት በጎን በኩል ሲያዩት ግን ፊደሉ ይጠቁራል። ትልቁን ፕሮጀክተርና የማያብረቀርቀውን ነጭ ሸራ አሸክሜው ተመለስን።

ሸራውን ሰቅለን ገጹን ስናወጣ አባባ ገና የመጀመሪያውን ቃል አይተው ጀመሩት። አሁንም የቀረውን አይተው ይሁን በቃላቸው ማወቅ አልቻልሁም። የቀረኝ አንድ መላ ነበር፤ ከመጨረሻው ቃል ጀምረው ወደ ላይ እንዲያነቡልኝ ለመንኋቸው።

«ወደ ኋላ የሚባል ድጓ አለ?» አሉ ተቆጥተው። «ማን አስተማረሽ ይህን?»

ማንም፣ አልኋቸው። አጉረመረሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ እየቆራረጡ፣ ቃል በቃል፣ ምልክቱን በስሙ እየጠሩ ወደ ላይ መጡ። ፕሮጀክተሩ ስለሚያጓራ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። የውኃው ነጸብራቅ ሸራው ላይ ሲደርስ ቆም ይላሉ፤ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። አንድ ቦታ ላይ ተመለሱ። እንደገና ተመለሱ።

«እዚህ ላይ የድፋት ምልክት ነው የሚገባው። ቃለ ሕይወት ደረት አድርጎታል።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ደረት ነው።

አንዱ ገጽ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ነበር፤ የቀረው ክምር ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ደሞዝ ጨርሳችሁ እንደሆነ ጨዋታ ሊጀመር ነው አለ። ምልክቷን በእርሳስ ከበብኋትና ገጹን ከሌሎቹ ለይቼ አስቀመጥሁት።