የለበሰችው ቀሚስ

ካሳ ቀሚሱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ አሸተተውና ፊቱን አጠቆረ።

«አጥበሽዋል እንዴ?»

«ሁለቴ፣ በእንዶድ!» አለች ጥሩሐረግ፣ የሚያመሰግናት መስሏት።

ያደፈ ልብስ ለሰው እጅ መስጠት ነውር ነው። የሙሽርነት ቀሚሷን ከነጥልፉ አጥባ፣ ከመንደሯ እስከ ሰቆጣ ግማሽ ቀን በእግሯ ተሸክማው መጥታለች። ልጇ ወለተሥላሴ መቆም ካቃታት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ይህ ቀሚስ ካልተሸጠ ነገ የሚቀመስ የለም።

ካሳ ከአዲስ አበባ ሙዚየም የተላከ የባህል ልብስና የጌጥ ሰብሳቢ ነው። እህል ነጋዴዋ ሐሊሜ ሱቅ ተቀምጦ፣ ለወደደው ዕቃ ዋጋውን በማሽላ ያስሰፍራል።

«እኔ የምፈልገው ሰው የኖረበትን ነው» አላት። «ቅቤው፣ ጭሱ፣ ላቡ ያለበትን። ይኼማ ከአዲስ በምን ይለያል?»

ጥሩሐረግ ክው አለች። እንዶዱን የወቀጠችበት ጉልበት ሳይቀር ቆጫት።

«ልጄ እየሞተችብኝ ነው፣ ጌታዬ!»

ካሳ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ በላይዋ ባለው ቀሚስ ላይ ቀረ። በጥጥ ክር፣ በጆንያ ክር፣ በቃጫም ጭምር የተጣጣፈ፣ ጭስ ያጠቆረው ነው።

«ይኼን እወስዳለሁ።»

«ይኼን ቡትቶ? አይቀልዱብኝ እንጂ!»

«አልቀለድኩም።»

«የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል፣ እህቴ» አለቻት ሐሊሜ ቁናውን እያነሳች። «ነይ፣ ጓዳ ገብተሽ ለውጪ።»

የታጠበውን ለብሳ፣ ቡትቶውን አጣጥፋ ይዛ ስትመለስ ሁለት ቁና ማሽላ ተሰፍሮ ተቋጥሯል። ካሳ ካርድ አወጣ።

«ስም?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ከልብሱ ጋር ይሰቀላል። መስከረም ላይ በአብዮቱ ዐሥረኛ በዓል ሕዝብ ያየዋል።»

ጦሟን ውላ ለጎረቤት «በልቻለሁ» የምትል ሴት ናት። ይህን ቡትቶ አገር ሊያይላት ነው።

«ጥሩሐረግ ደሴ» አለች በመጨረሻ። ካሳም ጻፈው። «ግን ዝናብ እንደቀረ፣ ረሃብ እንደገባም ይጻፉልኝ። በደህናው ቀን እንዲህ አልለብስም ነበር።»

ካሳ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ረሃብ ብዬ አልጽፍም፣ እህቴ። ያሳስረኛል።»

«እውነት አይደለም?»

«እውነት ነው። ግን አልጽፍም።»

ቡትቶውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ማሽላው ፊቷ ተቀምጧል። ለልጇ ስትል ውርደቱን ልትውጠው ሞከረች፤ ምክንያቱ ሳይጻፍ ስሟ ከቡትቶ ጋር መሰቀሉን ግን አልቻለችውም። ልብሱን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው ስሜን ይሰርዙት።»

«ባለቤቱ ያልታወቀ ነው የሚባለው።»

«ይባል።»

ሰርዞ እስኪጨርስ ቆማ አየችው። ከዚያ ማሽላዋን አዝላ ወጣች።