የእትዬ ዘምዘም ጥበቃ

የአልትራሳውንዱን ስክሪን እያየሁ ድምፄ እንዳይለወጥ ተጠነቀቅሁ። ባለፉት ሁለት ወራት የፈሪሃ እንቁላል በኪኒኑ ትንሽ አድጎ ሳይበስል ቀርቶ ነበር። የዚህኛው ወር ግን ደርሷል።

“በስሏል” አልኳት። “አሁን እንዲለቀቅ የሚያደርገውን መርፌ እወጋሻለሁ። ዛሬና ነገ ማታ ከባልሽ ከረድዋን ጋር ማደር አለብሽ። ይህ ካለፈ ይህ ወር አመለጠን ማለት ነው።”

ስድስት ዓመት ልጅ የጠበቀች ሴት ትደሰታለች ብዬ ነበር። ፈሪሃ ሻርፗን አስተካከለች።

“ዶክተር፣ ችግር አለ።”

“ምን?”

“እትዬ።”

እትዬ ዘምዘም የረድዋን እናት ናቸው። ምራታቸው ሕክምና ጀመረች ሲባል ፍየሎቻቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ከቀወት ገጠር ሸዋ ሮቢት መጡ። በሙቀቱ ወራት እዚህ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚያድረው። እትዬም፣ ሕመምተኛ ብቻዋን አታድርም ብለው፣ አልጋቸውን ከፈሪሃ አልጋ ጎን አስዘረጉ። ልጃቸውን ከፓፓያው ዛፍ ማዶ ሰደዱት።

“ንገሪያቸዋ።”

“ይህንን ከምነግራቸው ልጁ ቢቀር ይሻለኛል። እርስዎም እንዳይነግሯቸው። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ አላያቸውም።”

ረድዋን ውጭ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ስነግረው ሰማይ ሰማዩን ያይ ጀመር።

“አንድ ሌሊት ተነስቼ ነበር” አለ።

“ከዚያስ?”

“እናቴ ነቃች። ውሃ የጠማኝ መስሏት ቀድታ አጠጣችኝ።”

የእነሱና የእኔ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄድኩ። እትዬ ፈሪሃን አልጋ ላይ አስቀምጠው ፓፓያ ያጎርሷታል።

“እትዬ፣ ዛሬ እኔ ዘንድ ቢያድሩልኝ።”

“ምን ሆንሽ?”

አስቤበት አልመጣሁም። “ብቻዬን ማደር ፈራሁ” አልኩ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እትዬ ትክ ብለው አዩኝ። “የሰው ሆድ ዕቃ ስታዪ የምትውዪው ሴትዮ ግቢሽን ፈራሽ?”

“ግቢው ይጨልማል።”

“የኔ ሕመምተኛስ?”

“ረድዋን አለ አይደል?”

“እሱ? እሱ ከተኛ ጅብ ቢወስዳት አይሰማም።”

“ዛሬ አልተኛም” አለ ረድዋን ከፓፓያው ሥር።

ፈሪሃ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች።

እትዬ መስገጃቸውን ይዘው መጡ። ቂብላውን አሳየኋቸውና ሰገዱ። አልጋዬን ግቢ ሳወጣ ዙሪያውን ዞረው አዩት።

“ይሄ የሁለት ሰው አልጋ ነው።”

“አዎ።”

ሌላ አልጠየቁኝም። እኔ እንደለመድኩት ጠርዙ ላይ ስጋደም “ወደዚህ ነይ፣ ትወድቂያለሽ” አሉኝ።

ጠዋት ወደ ልጃቸው ቤት ሄደው ወዲያው ተመለሱ።

“ቤት ገብተው በሩን ከውስጥ ቀርቅረውታል። ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ያ ልጅ ጎህ ሲቀድ ሽንኩርቱን ሊያጠጣ የሚወጣ ነበር።”

“ደክሟቸው ይሆናል።”

ይህን ስል መሳቅ አልነበረብኝም። እትዬ አዩኝና ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

“እኔ ሕመምተኛ እጠብቃለሁ ብዬ ጤነኛውን ሥራ አስፈትቼዋለሁ በይኛ።”

“እኔ ምንም አላልኩም።”

“አላልሽም። ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ አንዲት ነገር መናገር አቃተሽ።” ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ልጁ ይመጣል?” አሉኝ።

“አላውቅም፣ እትዬ። መንገዱ ግን ተከፍቷል። ዛሬ ማታም ያስፈልጋል።”

“ኢንሻአላህ” አሉ።

ማታ ሳልጠራቸው በጊዜ መጡ፤ ፍራሻቸውንም ረድዋንን አሸክመው። አንገቱን ደፍቶ አወረደው።

“ጎረቤቴ ዛሬም ፈርታለች” አሉት። “ፍርሃቱ ካልለቀቃት ሳምንቱንም እዚሁ ነኝ። ሂድ፣ ሕመምተኛህን ጠብቅ።”

ረድዋን እየተጣደፈ ወጣ። እትዬ መሬቱን አዩ።

“ይሄ የሱ ነጠላ ጫማ አይደል?”

“ነው። ልጥራው?”

“ተይው” አሉ ፍራሻቸውን እያነጠፉ። “ነገ ይወስደዋል።”