አሰልጣኙ ሊፍት ውስጥ ነው

የአደጋ ሠራተኞቹ አሰልጣኝ አንድ የሚኮራበት ሕግ ነበረው። በልምምድ ቀን ተጎጂ ሆኖ የሚተውን ሰው ምን ቢምል፣ ምን ቢገዘት፣ አትመኑት! ድሮ «ልምምድ ይቁም» የሚል ቃል ነበራቸው። ልጆቹ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ቃሏን ጣል እያደረጉ ጥላ ፍለጋ ሲሮጡ፣ ተናደደና ሰረዛት። ምን ዋጋ አለው፣ መጀመሪያ የፈለጋት እሱ ሆነ።

የዚያን ቀን ልምምዱ ድንገተኛ የመብራት መጥፋት ነበር። አሰልጣኙ ሕንፃው አናት ላይ ወጥቶ የሊፍቱን ኤሌክትሪክ ሊያጠፋ፣ ሠልጣኞቹ ደግሞ ውስጥ ተቀርቅሮ «አድኑኝ» የሚል ተዋናይ ሊያወጡ ነው። ተዋናዩ ገና ታች ሻይ እየጠጣ ነበር።

አሰልጣኙ ወደ ላይ ሊወጣ ሊፍቱን ሲጠራ የሚስቱ እናት ዱብ አሉ። ቤት የረሳውን መነጽር ይዘውለት ነው የመጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጭንቅላትህንስ ይዘህ ወጥተሃል?»

እትዬ የእሱን ሥራ «ትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ የሚጫወቱበት» ነው የሚሉት፤ ለጎረቤትም እንደዚያው። ዛሬ ግን ልጆቹን ሲያዝ ቢያዩ አፋቸውን ይይዙ ይሆናል ብሎ፣ «ይግቡ እትዬ፣ ሥራዬን ላሳይዎት» አላቸው።

ጥቂት ፎቅ እንዳለፉ ሊፍቱ ገጭ ብሎ ቆመ። ድቅድቅ ጨለማ! እሱ እኮ ገና ምንም አላጠፋም።

እንግዲህ ሚስቱ እንኳ የማታውቀው ነገር አለ። ጨለማና ጠባብ ቦታ ሲገናኙበት እንደ ሕፃን ይፈራል። «መደንገጥ የእኛ ሥራ አይደለም» እያለ ሰው ሲገስጽ የሚውለው ሰውዬ፣ ግድግዳውን ሲዳብስ ቆየና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እትዬ ሁሉንም እየሰሙ ነው። ይኼ ከጨለማው ባሰበት። ነገ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰማ ነው! የሠልጣኞቹ ጆሮ ከደረሰማ፣ ከእንግዲህ በምን ፊቱ ነው ፊታቸው የሚቆመው?

ከውጭ ቡድኑን የምትመራው ሠልጣኝ ድምፅ ተሰማ። «ተጎጂዎች፣ ስንት ናችሁ?»

«እኔ ነኝ! አሰልጣኙ ነኝ! የእውነት ነው፣ እናቴ ትሙት!»

«አይ መምህር፣ ራስዎ ገቡበት? ቻሉበት እኮ!» ከኋላዋ ሳቅ ፈነዳ። «አትመኑ ብለውናል፣ አናምንም!»

«አንቺ ልጅ፣ የእውነት ነው እልሻለሁ!»

«እንደዚያ እንደሚሉም ነግረውናል።»

«እኔ ተዋናይ አይደለሁም!» ብለው እትዬ ጮኹ።

«እኚህኛዋ ደግሞ ትንሽ አበዙት» አለ አንዱ ሠልጣኝ።

ታዲያ የሚገርመው፣ ልምምድ መስሏቸው አንዳቸውም አልተርበተበቱም። እየተቀላለዱ ሞተር ክፍሉ ወጡ፣ ዋናውን ማጥፊያ ቆለፉ፣ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ሊፍቱን ከፎቁ ወለል ጋር አስተካከሉና ወርደው በሩን ከፈቱ። የባትሪው ብርሃን አሰልጣኙ ፊት ላይ አረፈ። እንባ በእንባ ሆኗል።

«ኧረ መምህር፣ ይኼማ ሽልማት ያስፈልገዋል!» ብላ መሪዋ ልታጨበጭብ ስትል፣ የሕንፃው ጥበቃ እያለከለከ በደረጃው መጣ።

«የከተማው መብራት በሙሉ ድርግም ብሏል! የውኃ መግፊያውም ቆሟል!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሁሉም አሰልጣኙን አዩት፤ እንባውንም አዩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አሉ እትዬ። «ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እላዩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩና አበሰበስኩት። እሱማ ምስኪን ሲያባብለኝ ነው የቆየው።»

እትዬ ቁመታቸው ከደረቱ አይዘልም። እንባቸው እንዴት ሽቅብ እንደወጣ የጠየቀ ግን የለም።

«መምህር፣ ሌላም ሕንፃ ውስጥ የተቀረቀረ ሰው አይጠፋም። ምን እናድርግ?» አለች መሪዋ። አሁን ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አሁን እኛን እንዳወጣችሁን አውጧቸው፤ ምንም አትጨምሩበት» አለ እንደምንም። «ሆስፒታሉን አስቀድሙ!»

ልጆቹ በደረጃው ተንደርድረው ወረዱ። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

«እትዬ፣ እኔ ዳግመኛ ሊፍት ውስጥ አልገባም።»

«ማን ግባ አለህ? አንተ ውጭ ቆመህ እዘዝ» አሉና በሻርፓቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት። «ለቅሶውን ለእኔ ተወው።»