ከኮምፔንሳቶው ማዶ

ልብስ ሰፊው ሶላቱን ሲጨርስ ጮክ ብሎ ነበር የሚያሰላምተው። ያለ ምክንያት አይደለም። ሚስቱ ጆሮዋ ከበድ ይላት ነበርና፣ ከኋላው ሆና ስትሰግድ መጨረሱን እንድትሰማ ብሎ ነው። "አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ!" ይላል ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ። እሷም ተከትላ ትጨርስና "አላህ ይቀበልህ" ትለዋለች። "አንቺንም" ይላታል። ከዚያ እሱ ወደ ስፌት መኪናው፣ እሷ ወደ ቁልፍ ተከላዋ። ኑሯቸው በቃ ይህችው ነበረች።

እሷ ከሞተች ወዲህ ያቺ ጠባብ ሱቅ ሜዳ ሆነችበት። የዐስር ሶላት ሲደርስ አሁንም ሁለቱንም መስገጃ ያነጥፋል፤ የሱን ከፊት፣ የሷን ከኋላ። አሁንም ጮክ ብሎ ያሰላምታል። ከዚያ በኋላ ያለችው ዝምታ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰው ትበላለች። "ያ አላህ፣ አንተ እያለህ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ጆሮዬ ነው እንቢ ያለኝ" ይላል እጁን ዘርግቶ።

አንድ ቀን እንዲሁ አሰላምቶ ዝም ከማለቱ፣ ከኋላው፣

"እግዜር ይመስገን! እንዴት ዋሉ?"

ጸጉሩ ቆመ። ዞር ሲል የሷ መስገጃ ባዶ ነው። ድምፁ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ነው፤ ጎን ያለችውን ክፍል በቅርቡ የተከራየው ሰዓት ሰሪ። ለሱ የተባለ ሰላምታ መስሎት!

በማግስቱም "እግዜር ይመስገን! ብርዱ አይጣል ነው ዛሬ!" ሲል፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሄደበት።

"ስማ ወንድሜ፣ አንተን እኮ አይደለም ሰላም የምለው።"

"ታዲያ ማንን ነው? ብቻዎን አይደሉም እንዴ?"

"የሶላት መጨረሻ ነው። ትከሻዬ ላይ ላሉት መላእክት ነው።"

ሰዓት ሰሪው ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉያ አወለቀ። "ወይ ጉዴ! በመላእክት ሰላምታ ጥልቅ! እኔ ደግሞ ምን የመሰለ ጎረቤት አገኘሁ ብዬ ለሚስቴ ሳወራ... ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም።"

እውነትም አልለመደውም። በማግስቱ ልብስ ሰፊው አሰላምቶ ጠበቀ። ከማዶ የሰዓቶቹ ቂጭ ቂጭ ብቻ። ደግሞ ጠበቀ። ይሄኔ ሚስቱ ትዝ አለችው። መንገድ ላይ ሰው ለሰው ያለውን ሰላምታ ሁሉ፣ የሷ እየመሰላት እየተቀበለች ታሳፍረው ነበር። "አንቺን እኮ አይደለም!" ሲላት፣ "ሰላም የአላህ ስም ነው። ባለቤቱ ሳይከለክለኝ አንተ ምን ቤት ነህ?" ትለዋለች።

አንተን እኮ አይደለም። ለጎረቤቱም ያችኑ ብሎት ነበር፤ አፉ እንዴት ለመዳት!

ተነሳና ኮምፔንሳቶውን ቆረቆረ። "አሰላሙ ዐለይኩም!"

ሰዓት ሰሪው ከማዶ ቀስ ብሎ፣ "ይሄኛውስ... ለመላእክቱ ነው ለኔ?"

"ላንተ ነው፣ አንተ ሰው!"

"እግዜር ይመስገን! ጸሎትዎንም ይቀበልዎት ጋሼ!"

"አንቺንም" አለ ልብስ ሰፊው። አምልጦት ነው።

"ኧረ ጋሼ! እኔ እኮ ወንድ ነኝ!"

ልብስ ሰፊው ሳቅ አፈነው። ሳቁ ግን መሀል ላይ መንገድ ሳተበትና፣ በሷ መስገጃ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ።

"ይስቃሉ ጋሼ?" አለ ሰዓት ሰሪው ከማዶ።

"አዎ" አለ፣ መስገጃዋን እየዳበሰ። "አለሁ። እየሳቅኩ ነው።"